በስምምነት የፈነዳው ቦይለር

የምስክርነት ቃል መቀበያ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ጸዳለ ይበልጣል
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ
ሥራ፦ በፍራፍሬ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የፍሬ መረጣ ክፍል ተቆጣጣሪ
ከተጎጂው ጋር ያላት ዝምድና፦ ሚስት
ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ያላት ዝምድና ወይም ጠብ፦ የላትም (የጠቡ ጉዳይ በቃሏ ውስጥ በሰፊው ተብራርቷል)
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7፡30 ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ሊሻን ወልደየሱስ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ምስክር ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ ነው። እንዲያውም የበሩ ጠባቂ ቆይ እያለኝ አስገድጄ የገባሁት እኔ ነኝ። የቸኮልኩበት ምክንያት ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምሠራበት ፋብሪካ ቁጥር ሁለት ቦይለር ስለሚለኮስ ነው። የሚለኩሰው ባለቤቴ ወለቴ ነው። ትናንት ባለቤቴን ያቃጠለው ቁጥር አንድ ሲሆን፣ ሁለቱ ቦይለሮች በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ውሃ የሚጠጡ፣ በአንድ በሽታ የታመሙ መንትዮች ናቸው። ስለሆነም መርማሪው ቃሌን ሲጽፍ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ እንዲጽፍልኝ አመልክቻለሁ።

መርማሪው በመጀመሪያ ያቀረበልኝ ጥያቄ፣ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ከሁለቱ ተጠርጣሪዎች ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ በአጭሩ እንዳስረዳ ነው። በአጭሩ አላውቅም። በረጅሙ ደግሞ አላውቅም የምልበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው።

የምሠራበት ፋብሪካ ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ፣ ላንቴ ቀበሌን አለፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን የአካባቢው ሰው ማንጎ ቤት ይለዋል። ማንጎው ታጥቦ፣ ተፈጭቶ፣ በእንፋሎት በስሎ በበርሜል ይታሸጋል። እንፋሎቱ የሚመጣው ከቦይለር ነው። ቦይለር ምን እንደሆነ እንዳስረዳ በመጠየቄ፣ የሚኒባስ ታክሲ የሚያህል፣ ክዳኑ የማይነሳ ድስት ነው በማለት አስረድቻለሁ። እንፋሎቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ የሚባል ዕቃ አናቱ ላይ አለው። የአካባቢያችን ውሃ ኖራው ብዙ ስለሆነ ይህ ቫልቭ በየጊዜው ተፈትቶ ካልተፈተሸ እንደ ዛገ ጓጉንቸር ይደርቃል። ማለትም ሊከፈት በሚገባው ቀን አይከፈትም።

አንደኛው ተጠርጣሪ አቶ ወንደሰን የምርት ኃላፊ ነው። ማሽን ቆሞ ካየ ምሳ አይበላም። ሌላኛው ተጠርጣሪ አቶ ገነነ የጥገና ኃላፊ ነው። እሱ ደግሞ ማሽን ሲሄድ ካየ ልቡ አያርፍም። አንደኛውና ሌላኛው ያልኩት ለአጻጻፍ እንዲመች ነው እንጂ ማን አንደኛ እንደሆነ መርማሪውም እስካሁን አልወሰነም። በፋብሪካው ደንብ መሠረት ቦይለር የሚለኮሰው ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው። ካልተስማሙ፣ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም በአካል ሰምቶ እስኪወስን ድረስ እሳት አይነሳም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች እኔ እዚያ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ሲጣሉ ነው የኖሩት። አንዱ አቁም ሲል ሌላው አላቆምም ይላል። አቶ ወንደሰን፣ “አንተ ሰውዬ ማሽን ለማቆም ነው የተወለድከው፤ የገዛ ልብህንስ ለምን ለጥገና አታቆማትም?” ይለዋል። አቶ ገነነም፣ “አንተ በገዛ ቀብርህ ቀን ፈረቃ የምትገባ ሰው ነህ፤ ሳጥንህን በማንጎ መኪና ነው የምንሸኘው” ይለዋል። ተያይዘው ወደ ቦይለር ክፍል ይገባሉ። አንዱ የእንፋሎቱን ግፊት የሚያሳየውን የጌጁን መስታወት በጣቱ እየመታ ይኸው እየው ይላል፤ ሌላው የታል ብሎ መነጽሩን ይጠርጋል። የኔ የመረጣ ክፍል ከቦይለር ክፍሉ የሚለየው በአንድ መስኮት ስለሆነ፣ ማንጎ የሚለቅሙት ሴቶች ሳይቀሩ የእንፋሎቱን መጠን እንደ ልጆቻቸው ዕድሜ ያውቁት ነበር። ጠቡ ያሳፍረን ነበር። ለምን እንደሚጠቅም ግን ማንም አስቦት አያውቅም፤ እኔም አላሰብኩትም።

ባለፈው መጋቢት ወር ከአዲስ አበባ ገዢዎች ሊጎበኙን መጡ። በእንግዶቹ ፊት አቶ ገነነ አቶ ወንደሰንን የማንጎ ደላላ አለው። አቶ ወንደሰንም መፍቻ ያነገበ ሟርተኛ ሲል መለሰለት። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተስፋጽዮን በዚህ እጅግ አፈሩ። በማግስቱም በአስታራቂነታቸው የታወቁትን የጋሞ አባቶች መጥተው ሁለቱን እንዲያስታርቁ ለመኑ።

አባቶች ቃላቸው የተከበረ ነው። እርጥብ ሳር ይዘው ከተንበረከኩ እንኳን ሁለት ሠራተኛ፣ ዱላ የያዘ ሠፈርም ይመለሳል። ይህን እኔ የሰሜን ሰው ልጅ ብሆንም እዚሁ ተወልጄ ስላደግሁ አውቀዋለሁ። በደንባቸው ከዕርቅ በፊት በሆድ ያለው ሁሉ መውጣት አለበት። የጠቡ ምክንያት ሳይነገር ዕርቅ የለም። እንደ ደንቡም በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ “ጠባቸው በምንድን ነው?” ብለው ጠየቁ። አቶ ገነነ አፉን ሲከፍት አቶ ተስፋጽዮን ቀደም አሉና፣ “አባቴ፣ የረባ ነገር አይደለም፤ በእንፋሎት ነው” አሉ። ሽማግሌው ገርሟቸው፣ “በእንፋሎት ሰው ይጣላል? ድስቱን ከፈት አያደርጉትም?” አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። በሳቁ መሐል ስለ ቫልቩ ሊነገር የነበረው ነገር ሳይነገር ቀረ። ሁለቱ ተነስተው ተቃቀፉ፣ አንዱ የአንዱን ቃል ላያፈርስ ተማማሉ፣ ሥጋ ተበላ። እልል ካሉት ሴቶች መካከል አንዷ እኔ እንደሆንኩ አልክድም።

ከዚያ በኋላ በፋብሪካው ሰላም ሰፈነ። እኔ ግራ መጋባት የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ገነነ የሚንሿሿ ማሽን ሲሰማ ያቆምና ያዳምጣል፤ ከዚያም ወንድሜ ወንደሰን እንዳይከፋው ብሎ ያልፋል። አቶ ወንደሰን ደግሞ፣ ይህን ማሽን አንድ ቀን አቁመን ብናየው ይላል፤ ወዲያው ግን፣ ገነነ ዝም ብሎ ሳለ እኔ አቁሙ ብል ሥራውን አያውቅም ማለቴ ይሆናል ብሎ ይተወዋል። በሩ ላይ “ያለ አደጋ የተሠራባቸው ቀናት” የሚል ሰሌዳ ነበር። አቶ ተስፋጽዮን አደጋ የሚለውን ቃል አስጠፍተው ጠብ አስጻፉበት። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር በየቀኑ ሲያድግ እያየን እናጨበጭብ ነበር። ቁጥሩ ለምን ያድጋል ብሎ የጠየቀ የለም።

የሁለቱ ቦይለሮች ቫልቭ የሚፈታበት ጊዜ ሚያዝያ ላይ ደረሰ። ቫልቩን ለመፍታት ቦይለሩ ግማሽ ቀን መቆም አለበት። ድሮ ቢሆን አቶ ገነነ ካልቆመ ብሎ በሩ ላይ ይተኛ ነበር። አሁን ግን ባለቤቴ ወለቴ፣ “ጋሽ ገነነ፣ ቫልቩን መቼ ነው የምንፈታው?” ብሎ ቢጠይቀው “ወንደሰን ሲመቸው” አለ። አቶ ወንደሰንን ሲጠይቀው “ገነነ ሲለኝ” አለ። ባለቤቴ ማታ ቤት ሲገባ፣ ሁለት ትሑታን መሐል ገብቼ ልሞት ነው አለኝ። እኔም ድሮ ሲሳደቡ ራሴን አመመኝ ትል አልነበር ወይ ብዬ ወቀስኩት። አሁን ሳስበው ማን ማንን መውቀስ እንደነበረበት አልለየልኝም።

ትናንት ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም ማንጎ እያስለቀምኩ ሳለሁ ወለቴ በመስኮቱ፣ “እናንተ ሰዎች፣ ጌጁ ቀዩን ሊያልፍ ነው!” ብሎ ተጣራ። እሳቱን በራሱ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚጠፋው በእጅ ነው። በእጅ የሚጠፋው ደግሞ በሁለቱ ትእዛዝ ነው። እሳቱ ድንገት ከጠፋ በቧንቧው ውስጥ ያለው ማንጎ ይበላሻል፤ ባለቤቴም ከዚህ በፊት ያለ ትእዛዝ አጥፍቶ ተቀጥቷል። ሁለቱ ኃላፊዎች እየሮጡ መጡ። የቦይለር ክፍሉ በር ጠባብ ነው። አቶ ወንደሰን፣ “ግባ ወንድሜ” አለ። አቶ ገነነ፣ “ኧረ በጭራሽ፣ አንተ ቅደም” አለ። “በሞቴ!” “እኔ ልሙት!” ተባባሉ። ይህን ሁሉ ሲባባሉ ቦይለሩ እንደ ታመመ በሬ ያቃስት ነበር። መጨረሻ ላይ እኩል ሲገቡ ትከሻ ለትከሻ በሩ ላይ ተቀረቀሩ። በዚያም ላይ እያንዳንዳቸው ይቅርታ ጠየቁ።

ከገቡም በኋላ ባለቤቴ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ፣ “ላጥፋው?” አለ። አቶ ወንደሰን ወደ አቶ ገነነ ዞሮ፣ “አንተ ምን ትላለህ?” አለ። አቶ ገነነ፣ “አንተ እንዳልክ ነው” አለ። አቶ ወንደሰን፣ “እኔ ምን እላለሁ፣ ባለሙያው አንተ ነህ” አለ። አቶ ገነነ፣ “ማንጎው ያንተ ነው፤ እንዳላስቀይምህ” አለ። ያን ጊዜ ባለቤቴ፣ “ጌጁ ምን እንዳለስ ልንገራችሁ?” ብሎ ጮኸ። ማንንም ሳያስፈቅድ አጠፋው። ነገር ግን እንፋሎቱ ቀድሞ ሞልቶ ነበር። ቫልቩ አልተከፈተም። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ የጎኑን መፈተሻ ክዳን ጎማ በጥሶ ወጣ። የመስኮቴ መስታወት ረገፈ። ባለቤቴ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ እስከ መዳፉ ተቃጠለ። ሁለቱ ኃላፊዎች እሱን ተሸክመው ሲወጡ በሩ ላይ አልተገባበዙም። ይህንንም ለእውነት ስል አስመዝግቤያለሁ።

ባለቤቴ ሆስፒታል ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎለት ሳያልቅ ከፋብሪካው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ጥፋቱ ያለ ፈቃድ ማሽን ማቆም ነው ይላል። በዚያው ደብዳቤ ላይ፣ ቦይለር የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ቁጥር ሁለትን እንዲለኩስ ታዟል። ቅር ካለው በግራ እጁ ይለኩስ ተብሏል። ይህ የመጨረሻው በቃል የተነገረው ነው እንጂ ደብዳቤው ላይ የለም።

መርማሪው ከጥያቄው እንዳልወጣ አሳስቦኛል። ጥያቄው ምን እንደነበር ስጠይቀው ጥቂት አሰበና ጥፋተኛው ማነው የሚለው ነው አለኝ። እኔም ዛሬ እዚሁ ኮሪደር ላይ የሆነውን እሱ ራሱ ያውቀዋል ብያለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱን በተጠርጣሪነት ተራ ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት ብሎ ሊመዘግብ ሲሞክር፣ አቶ ገነነ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው አለ። አቶ ወንደሰን የለም ቁጥር አንድ እኔ ነኝ፣ እሱ ንጹሕ ነው አለ። መርማሪው ስማቸውን ሲጽፍና ሲሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ። ሁለት ሰዎች ሙሉ በሙሉ ያጠፉት ጥፋት መጠኑ ሁለት እጥፍ ይሁን ወይስ እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ ባዶ ይሁን መርማሪው ለበላይ አለቃው ስልክ ደውሎ ጠይቋል። አለቃውም አስታርቃቸው ብሎታል።

ቃሌን እየሰጠሁ ሳለሁ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የአቶ ወንደሰን ስልክ ጠራ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። የደወሉት አቶ ተስፋጽዮን ናቸው። ቁጥር ሁለት ይለኮሳል ወይስ ተቃውሞ አለ ብለው ጠየቁ። አቶ ወንደሰን ስልኩን በእጁ ሸፍኖ፣ “ወንድሜ፣ ምን ልበላቸው?” አለ። አቶ ገነነ፣ “አንተ እንዳልክ” አለ። አቶ ወንደሰንም በስልኩ ተቃውሞ የለም አለ።

ያን ጊዜ ያለ መርማሪው ፈቃድ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ኮሪደሩ ወጥቻለሁ። ለአቶ ገነነ፣ “ጋሽ ገነነ፣ የጥገና ኃላፊ ነህ ወይስ ሚዜ? ያ ቫልቭ ደርቋል ወይስ አልደረቀም?” አልኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። “ወለቴ በግራ እጁ ሊለኩሰው ነው፤ ቀኙን ታውቀዋለህ” አልኩት። እንባው መጣ፤ ነገር ግን የአቶ ወንደሰንን ቃል ላያፈርስ ምሏል። ለአቶ ወንደሰንም፣ “አንተስ፣ ክንዱን ያየኸው አይደለህም ወይ?” አልኩት። እሱም ፊቱ ጠቆረ። እኔ በዚህ ሰዓት ተስፋ ቆርጬ ነበር። መርማሪው ተከትሎኝ ወጥቶ ወደ ክፍሉ እንድመለስ አዘዘኝ። ይሁንና ለእኔ አዝኖ ይመስለኛል፣ ዞር ብሎ ሁለቱን፣ ቫልቩ ሳይፈታ መቅረቱን ከእናንተ ማን ያውቅ ነበር ብሎ ጠየቃቸው።

አቶ ወንደሰን ወዳጁን ለማዳን ፈጥኖ ተነሳ። “ሳጅን፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ገነነ ስለ ቫልቭ የሚያውቀው ነገር የለም” አለ።

አቶ ገነነ ቀስ ብሎ ቀና አለ። “ማነው የማያውቀው?” አለ። አቶ ወንደሰን በሹክሹክታ፣ “ዝም በል ወንድሜ፣ ላድንህ ነው” አለው። አቶ ገነነ ግን ተነስቶ ቆመ። “ስለ ቫልቭ አያውቅም? እኔ? ያንን ቫልቭ የገጠምኩት እኔ! በእጄ የማውቀው እኔ! አንተ ቫልቭና የሽንኩርት ራስ የማትለይ!” አለው። አቶ ወንደሰን፣ “እኔ እስር ቤት ልግባልህ ብዬ እንዲህ ትለኛለህ?” አለ። አቶ ገነነ፣ “ብትፈልግ ግባ! እኔን ግን አያውቅም ብለህ አትገባም! ቫልቩ ደርቋል፤ የቁጥር ሁለትም ደርቋል፤ ሚያዝያ ላይ ነው መፈታት የነበረበት፣ አንተን እንዳላስከፋ ብዬ ነው የተውኩት! ቁጥር ሁለት አይለኮስም!” አለ። አቶ ወንደሰንም ወገቡን ይዞ፣ “ይለኮሳል! ሦስት መኪና ማንጎ በር ላይ እየበሰበሰ ነው!” አለ። “አይለኮስም!” “ይለኮሳል!” “በሬሳዬ ላይ!” “ሬሳህንም ፈጭቼ አሽገዋለሁ!” ተባባሉ።

መርማሪው ሊገላግላቸው ሲነሳ እጅጌውን ይዤ፣ “ሳጅን፣ በማርያም ተዋቸው” ማለቴን አምናለሁ። የመንግሥት ሠራተኛን ከሥራው ማደናቀፍ ከሆነ በዚያው መዝገብ ይያዝልኝ። ወዲያው ለባለቤቴ ደውዬ፣ “እንዳትለኩሰው፤ አልተስማሙም!” አልኩት። “እነማን?” አለ። “ገነነና ወንደሰን” አልኩ። “አንቺ ሴትዮ፣ እርግጠኛ ነሽ?” አለኝ። ስልኩን ወደ ኮሪደሩ ዘረጋሁለት። አቶ ገነነ በዚያ ሰዓት የማንጎ ደላላ እያለ ነበር። ባለቤቴ ጥቂት አዳመጠና፣ “ተመስገን ጌታዬ” አለ። ከዚያም፣ “ክብሪቱን ኪሴ ከትቻለሁ፤ ምሳ ልብላ” ብሎ ዘጋው።

ከዚህ በኋላ አቶ ተስፋጽዮን ለመርማሪው ደውለው፣ ሁለቱ ለምን ተጣሉ፣ አሁኑኑ ሽማግሌ እልካለሁ ብለዋል። ስለዚህ የሚከተለውን አመለክታለሁ። አንደኛ፣ የጋሞ አባቶች በዚህ ጉዳይ ስማቸው እንዳይነሳ። እነሱ ጠይቀዋል፤ የጠቡን ምክንያት የሸፈኑባቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ሁለተኛ፣ የሁለቱም ቦይለሮች ቫልቭ ተፈትቶ እስኪቀየር፣ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያም እስኪጠገን ድረስ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች ማንም እንዳያስታርቃቸው በፖሊስ ይታገድልኝ። መርማሪው ሰው እንዳይታረቅ የሚያግድ ሕግ አላውቅም ብሏል። እኔም ሰው ታርቆ የሚቀቀልበት ሕግስ የቱ ነው ብዬ ጠይቄዋለሁ። እሱም ጥያቄዬን ጽፎታል።

ጥፋተኛው ማነው ለተባለው፣ አሁንም አላውቅም። ሲጣሉ ሁለቱም ክፉ ይመስሉ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። ሲታረቁ ሁለቱም ጻድቅ ሆኑ፤ የባለቤቴ ክንድ ተላጠ። ይህ በወንጀል ሕግ በየትኛው አንቀጽ እንደሚወድቅ የተማረ ሰው ይፈልግበት። የእኔ የምስክርነት ድርሻ ያየሁትንና የሰማሁትን መናገር ነው።

ከላይ የሰፈረው ቃል የእኔው ቃል ነው፤ ያልጨመርኩበትና ያላስቀረሁበት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ቃሌ ሲነበብልኝ ከኮሪደሩ ከሚመጣው ጩኸት የተነሳ አንዳንዱን ቦታ ስላልሰማሁት፣ መርማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና አንብቦልኛል። ጩኸቱ እንዲቆም ግን አልጠየቅኩም።

የምስክሯ ፊርማ፦ ጸዳለ ይበልጣል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሊሻን ወልደየሱስ
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡10